«ይበቃናል» የሚለው የት ተጻፈ?

ዘተጉለት፦
ግንቦት 21፣ የእመቤታችን የደብረ ምጥማቅ በዓል፣ ካለፈ ሳምንት ሊሆነው ነው፤ እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም። አንድ ፓስተር በበዓሉ ማግስት የለቀቀውን የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ መቼም ያላየ የለም። ስሙን አልጠራም፤ ተመልካች አልጨምርለትም። «ግብፅ ዘይቱን ላይ ማርያም ታየች የተባለው የመብራት ጨዋታ ነው፤ መብራት ካልሆነም ጋኔን ነው፤ እኛ መጽሐፉ ይበቃናል» ነው ያለው። አዳራሹ በአሜን ተናጋ።

መጀመሪያ እሱ ራሱ ይወስን። መብራት ነው ጋኔን? አምፖል ከሆነ ጋኔኑን ምን አመጣው?

ነገሩ የሆነው መጋቢት 24 ቀን 1960 ዓ.ም. ማታ ነው፤ ካይሮ። መጀመሪያ ያዩት ከቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ማዶ ያለው የአውቶቡስ ጋራዥ ሠራተኞች ናቸው። ቀድሞ የጮኸው ሙስሊም መካኒክ ነው። ጉልላቱ ላይ የቆመችው ሴት ራሷን ልትወረውር መስሎት «ተይ!» እያለ ነበር። ከዚያ በኋላ እየተመላለሰ እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ድረስ ታየ። የግብፁ ፓትርያርክ አቡነ ቄርሎስ 6ኛ ኮሚቴ ልከው ካስመረመሩ በኋላ ነው መግለጫ የወጣው። ለእኛ አቡነ ባስልዮስን የመጀመሪያው ፓትርያርክ አድርገው የቀቡት ቄርሎስ ማለት ናቸው፤ በአምፖል የሚታለሉ ሰው አልነበሩም።

የሚያንገበግበኝ ግን መጨረሻዋ ናት። «ይበቃናል» የት ተጻፈ? ምዕራፍና ቁጥር እፈልጋለሁ።

ማራናታ፦
ፓስተሬ ተባረክ! 2ኛ ቆሮንቶስ 11፥14፦ «ሰይጣን ራሱ የብርሃንን መልአክ እንዲመስል ራሱን ይለውጣልና።» ብርሃን ባየን ቁጥር አንበረከክም። ጌታ ዓይናችሁን ያብራላችሁ ወገኖች።

የቆሎ ተማሪ፦
ይቺ ጥቅስ መጣች? እኔማ ዘገየች ብዬ ነበር። ጳውሎስን ደማስቆ መንገድ ላይ የጣለው ብርሃንስ? ለእረኞቹ በሌሊት ያበራውስ? ብርሃን ሁሉ ሰይጣን ከሆነ ገናን ልትሰርዙብን ነው።

ቤርያ፦
እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ቪዲዮውን ግን አልወደድኩትም። ያላዩትን ነገር «ጋኔን ነው» ብሎ መፍረድ ድፍረት ነው። ቢሆንም ዘተጉለት ወንድሜ፣ የነገሩን ጭራ ነው የያዝከው። ታየ እንበል። እሺ፣ ከዚያስ? ባለጠጋው ሲኦል ሆኖ ከሙታን አንድ ሰው ወደ ወንድሞቼ ላክልኝ ሲል አብርሃም ምን አለው? «ሙሴንና ነቢያትንም የማይሰሙ ከሆነ፥ ከሙታንም እንኳ አንድ ቢነሣ አያምኑም።» ሉቃስ 16። እምነት የሚቆመው በተጻፈው ላይ ነው ማለታችን ነው። ጥቅስ ካልክ ደግሞ 2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥16።

ዘተጉለት፦
እሷን ነበር የምጠብቀው! አብረን እናንብባት። «የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት መጽሐፍ ሁሉ ለትምህርትና ለተግሣጽ» ብሎ ይሄድና መጨረሻው ምንድን ነው? «ይጠቅማል።» ይጠቅማል ነው እንጂ ይበቃል አይልም። ውሃ ለእንጀራ ይጠቅማል። ይበቃል? ጤፉስ? እርሾውስ?

ቤርያ፦
ቁጥር 17ን ለምን ዋጥካት? «የእግዚአብሔር ሰው ፍጹምና ለበጎ ሥራ ሁሉ የተዘጋጀ ይሆን ዘንድ» ይላል። ፍጹም ከሆነ ወዲያ ምን ይጎድለዋል? ጤፉም እርሾውም ምጣዱም እዚያው ውስጥ አለ።

አቦል ከሜሪላንድ፦
ምጣዱም አለ? ለመሆኑ የሚበቃው የእናንተ 66ቱ መጽሐፍ ነው የእኛ 81ዱ? ጢሞቴዎስ ከሕፃንነቱ ያወቃቸው መጻሕፍት ብሉይ ናቸው፤ ቁጥር 15 ላይ አለላችሁ። ያኔ የዮሐንስ ራእይ ገና አልተጻፈም። ጥቅሱ «ይበቃል» ማለት ከሆነ ብሉዩ ብቻውን በቅቷል። እንግዲያው ማቴዎስን መልሱልን።

ማራናታ፦
ሄኖክና ኩፋሌ ይዛችሁ ነው እኛን የምታስተምሩን?

አቦል ከሜሪላንድ፦
ሄኖክን የይሁዳ መልእክት ጠቅሶታል እህቴ፤ ቁጥር 14። ከ66ቱ አንዱ ነው፤ አይዞሽ፣ አለሽ።

ከዓዲግራት፦
ካቶሊክ ነኝ፤ እዚህ ብቻዬን ሳልሆን አልቀርም። ስለ እኛ ሳታውቁ እንዳትጨምሩን አንድ ነገር ልበል። እመቤታችን ፈረንሳይ ሉርድ በ1858፣ ፖርቱጋል ፋጢማ በ1917 እ.ኤ.አ. ታይታለች፤ ቤተ ክርስቲያኔ ተቀብላለች። ግን የግል መገለጥ ነው የሚባለው። ያላመነበት ካቶሊክ ከእምነቱ አይወጣም። ቦስኒያ ያለችውን መጁጎሪዬን ብትወስዱ ከ1981 ጀምሮ ሰው ይጎርፋል፤ ቫቲካን በ2024 «ሄዳችሁ መጸለይ ትችላላችሁ» ከማለት አላለፈም። በእርግጥ ታይታለች አላለም። ሮም እናንተ እንደምታስቡት ቶሎ አትደነግጥም።

ቤርያ፦
ይህን በማንሣትህ ደስ ብሎኛል። ሉርድ ዋሻ ላይ ራእዩን ላየችው ልጅ ለበርናዴት ምን አለቻት? ያለ አዳም ኃጢአት የተፀነስኩት እኔ ነኝ። ይህ ትምህርት በጳጳሱ የታወጀው በ1854 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ራእዩ መጥቶ ማኅተም መታበት። የእኛ ጭንቀት ይኸው ነው። ትምህርት ከመጽሐፉ ይመጣል ወይስ ከዋሻ?

ዘተጉለት፦
ጥንተ አብሶን፣ የአዳምን ኃጢአት ክርክር፣ እዚህ እንዳትከፍቱብኝ! እሱን ከጀመርን ፍልሰታ ይደርስብናል።

የቆሎ ተማሪ፦
ቤርያ፣ ክርክርህ ለሉርድ ይሆናል። ለዘይቱን አይሆንም። ዘይቱን ላይ እኮ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ያን ያህል ሌሊት ታይታ ዝም። እጇን ዘርግታ ትባርካለች፤ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች፤ አለቀ። በመጽሐፍህ ላይ ምን ጨመረች? ነጥብ እንኳ አልጨመረችም።

ማራናታ፦
ዝም ካለች ታዲያ ለምን መጣች?

የቆሎ ተማሪ፦
እናትሽ ታመሽ ስትተኚ ስብከት ይዛ ነው የምትጠይቅሽ? ግብፅ ያኔ በስድስቱ ቀን ጦርነት ተመትታ ዓመት አልሞላትም። በየቤቱ ሐዘን ነው። መጥታ አጠገባቸው ቆመች። በቃ።

ቤርያ፦
በደንብ ተናገርክ፤ ልብ ይነካል። እኔ ግን ከዚያው ከጦርነቱ ሌላ ነገር አያለሁ። ያዘነ ሕዝብ ምልክት ይፈልጋል። ዋሽቷል አላልኩም። ከራእዩ በኋላ የሚመጣው ነው የሚያስፈራኝ። የራሳችሁ ታሪክ አለ። ግንቦት 21 ራሱ ከየት መጣ? ግብፅ ደብረ ምጥማቅ በየዓመቱ አምስት ቀን ትታይ ነበር ተባለ። ገዳሙ መፍረሱን ዘርዐ ያዕቆብ ሲሰማ አልቅሶ ተጉለት ላይ በስሙ አሠራ። እስከዚህ ጥሩ። ያው ንጉሥ ነው ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያስደረገው፤ 33 በዓል የደነገገው። ለሥዕሏ አንሰግድም፣ ለሥላሴ ብቻ ነው የምንሰግደው ያሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስን ምን አደረጋቸው? ሉተር ገና ሳይወለድ!

ዘተጉለት፦
ጭራሽ ተጉለት ድረስ መጣህብኝ? እኔ እኮ የደብረ ምጥማቅን መሬት ረግጬ ያደግኩ ሰው ነኝ። ደቂቀ እስጢፋኖስን ጴንጤ ለማድረግ የምትሮጡት ነገር አይገባኝም። መነኮሳት ናቸው! ቆብ የደፉ፣ የሚጾሙ፣ ገዳም የገደሙ። ገዳማቸው ጉንዳ ጉንዶ ሂድና እየው። ዛሬ ቢነሡ ጊታራችሁን ሰምተው በመጡበት ይመለሱ ነበር።

ቤርያ፦
ጴንጤ ነበሩ አላልኩም። ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ተገደሉ ነው ያልኩት። እሱን አልመለስክም።

ዘተጉለት፦
ንጉሡ ጨካኝ ነበር፤ የገዛ ልጆቹንም አልማረም። የንጉሥ ጭካኔ እመቤታችን ላይ ይላከካል? አንተም እኔ የጠየቅኩህን አልመለስክም። ይበቃናል የት ተጻፈ?

አቦል ከሜሪላንድ፦
እኔ ደግሞ ሌላ ልጠይቅ። መጽሐፉ ከበቃችሁ እሑድ እሑድ መድረክ ላይ «የስልክ ቁጥርህ መጨረሻ 47 ነው፣ ጌታ አሳየኝ» የሚሉት ነቢያት ምን ሊሠሩ ነው? የስልክ ቁጥር 66ቱ ውስጥ አለ? ያ በጠርሙስ የሚሸጠው ዘይትስ?

ቤርያ፦
እሱ ቁስላችን ነው። አልክድም። ከእናንተ በላይ እኔን ያመኛል። በመጽሐፉ ብንጸና ኖሮ አይገቡም ነበር።

ማራናታ፦
ቤርያ አንተ ከማን ጋር ነህ? «ትንቢትን አትናቁ» ይላል ቃሉ። 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥20። የደረቀ ወንጌል ይዛችሁ መንፈስን አታዳፍኑ!

ቤርያ፦
ቀጥሎ ያለውን አንብቢያ እህቴ። «ሁሉን ፈትኑ።» ቁጥር 21። እንደ ዘተጉለት እየዘለልሽ አታንብቢ።

ዘተጉለት፦
እኔን ምን አስገባኝ?

የቆሎ ተማሪ፦
ስለዚህ እንዲህ ልጻፈው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ነቢይ ብቻውን ሲያይ ጌታ አሳየው። ካይሮ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ሲያይ ጋኔን ነው። ገባኝ። አመሰግናለሁ።

የቤሩቷ፦
ክርክራችሁን ከሥራ መልስ ነው የማነበው። ቤሩት ነኝ፤ 11 ዓመቴ። ሐሪሳ የምትባል ቦታ አለች፤ ተራራ ላይ፣ ባሕሩ ከታች። ትልቅ ነጭ የእመቤታችን ሐውልት አለ። በዙሪያው እየዞረ የሚወጣ ደረጃ አለው። እረፍት በሰጡኝ እሑድ እዚያ ነው የምሄደው። መጀመሪያ ጊዜ ስወጣ ደመወዝ ሰባት ወር አልተከፈለኝም ነበር። ከፊቴ ሻሽ ያሰረች ሙስሊም ሴት፣ ከኋላዬ ፊሊፒኖ፤ ሁላችንም እያለቀስን ነው የምንወጣው። ምንም አልታየኝም። ብርሃንም የለ። ግን ስወርድ እንደ ወጣሁ አልነበርኩም። እዚያ የማገኛት ጓደኛዬ ጴንጤ ናት። እሷ ሥር ላይ ቁጭ ብላ መጽሐፍ ቅዱሷን ታነባለች፤ ስወርድ እንጀራ ይዛ ትጠብቀኛለች። ተጣልተን አናውቅም።

ማራናታ፦
የኔ እህት ጌታ ይወድሻል። ለሐውልት መውጣት ግን አያስፈልግሽም፤ እዚያው ኩሽና ሆነሽ ይሰማሻል።

የቤሩቷ፦
ኩሽናውንማ ሳምንቱን ሙሉ እያየሁት ነው እቴ።

አቦል ከሜሪላንድ፦
ይቺን ሴት አትንኩብኝ!

ከዓዲግራት፦
ስለ ሉተር ስታወሩ አንድ ነገር ረሳችሁ። በ1521 እ.ኤ.አ. የማርያምን መዝሙር፣ «ነፍሴ ጌታን ታከብረዋለች» የሚለውን፣ ቃል በቃል ተርጉሞ ጽፎበታል። ዘላለማዊ ድንግልናዋንም ያምን ነበር። በ1534 ደግሞ ሚካኤል የሚባል የእኛው አገር ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ አነጋግሮታል፤ በደንብ ተግባብተው ነው የተለያዩት። የዛሬው ልጁ ግን ስሟ ሲጠራ ይበረግጋል።

ቤርያ፦
እውነት ነው፤ ሉተር ያከብራታል። እኛም ብፅዕት ናት እንላለን፣ ሉቃስ 1፥48። ማክበር ሌላ፣ መለመን ሌላ። ሰው ገድሎ የበላ በላኤ ሰብእ በማርያም ስም በሰጠው ጥርኝ ውሃ ዳነ የሚለውን ለልጄ ምን ብዬ ላስተምር? 78 ሰው እኮ ነው!

የቆሎ ተማሪ፦
በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ዳነ የሚለውን ምን ብለህ አስተማርከው? እንደዚያው አስተምረው። ደግሞ የምታነበው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከየት መጣ? መጀመሪያ ሙሉውን የተረጎመው የጎጃሙ አቡ ሩሚ ነው። የት ሆኖ? ካይሮ! እሷ በታየችበት ከተማ።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። ዘተጉለት የጠየቀውን ቃል አገኘሁት፤ ሌሊቱን ስፈልግ ነው ያደርኩት። «ይበቃናል» ተጽፏል። ዮሐንስ 14፥8። «ጌታ ሆይ፥ አብን አሳየንና ይበቃናል።» ያለው ፊልጶስ ነው። ምን ተባለ? ተገሠጸ! ይበቃናል ያለ ሁሉ መጨረሻው ይኸው ነው።

ዘተጉለት፦
እልልልል! ቃለ ሕይወት ያሰማልን!

ቤርያ፦
ቆይ፣ ቆይ። ለምን ተገሠጸ? «አሳየን» ስላለ! ይህን ያህል ዘመን ከእናንተ ጋር ስኖር አታውቀኝምን ነው ያለው። ክርስቶስ እያለው ሌላ የሚታይ ነገር ስለፈለገ ነው የተገሠጸው። ጥቅሱን ለእኔ ነው የሰጠኸኝ። ተባረክ።

የቆሎ ተማሪ፦
የዘይቱን ሰው መቼ አሳየን አለ? መካኒኩ እኮ ሥራው ላይ ነበር!

ማራናታ፦
እኔ የማውቀው «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚለውን ነው። 2ኛ ቆሮንቶስ 12፥9። ይኸው ይበቃል!

አቦል ከሜሪላንድ፦
ጸጋዬ ነዋ የሚለው! መጽሐፌ አላለም! እናንተ ልጆች ዛሬ ጎል የምታገቡት በራሳችሁ ላይ ነው።

ማራናታ፦
ሳቁ። እኔ ባለፈው ወር ስወልድ 14 ሰዓት አምጬ፣ ኢየሱስ ኢየሱስ እያልኩ ወልጄ፣ ገና ልጁን ደረቴ ላይ ሳያስቀምጡት አዋላጇ ምን አለችኝ? «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ጌታ ነው የማረኝ አልኳት። ተናደደችብኝ።

የቤሩቷ፦
ውይ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ምን ወለድሽ?

ማራናታ፦
እንግዲህ አንቺም ጀመርሽ። ወንድ ነው።

ዘተጉለት፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ፤ ያሳድግልሽ። ቤርያ፣ አንተን ግን አልለቅህም። ጥቅሱን እየጠበቅኩ ነው።

ቤርያ፦
ዮሐንስ 14፥8 ሰጥቼሃለሁ።

የቆሎ ተማሪ፦
የሰጠሁት እኔ ነኝ!