የወተት ጥርስና የአጥንት ጨረር፦ እማማን ምን ልበላቸው?

ጠያቂ (ሴንት ሉዊስ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሚዙሪ አንዲት ትልቅ ሴት ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። «እማማ» ነው የምላቸው። ትናንት መሳቢያቸውን ሳስተካክል መርፌው የዛገ ትንሽ ክብ ባጅ አገኘሁ። ጥርሱ የወለቀ ልጅ ይስቃል። ጽሑፉ «ጥርሴን ለሳይንስ ሰጠሁ» ይላል።

እማማ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። የኑክሌር ቦምብ ሙከራው ብናኝ ከዝናብ ጋር ሣር ላይ ይወርድ ነበር፣ ላሞቹ ያንን ይግጡ ነበር፣ እኛም ወተቱን እንጠጣ ነበር አሉኝ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው «እስካሁን እዚህ ውስጥ ይኖር ይሆን?» ሲሉኝ አንጀቴን በሉት። ልጅና አዋቂ እኩል ነው የሚይዘው? ዛሬስ አለ?

የኬሚስትሪ መምህር፦
እህቴ፣ ዋናው ነገር ከቦምቡ ፍንዳታ የሚወጣ፣ ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ነው፤ ስትሮንቲየም 90 ይባላል። ጠባዩ ካልሲየምን ስለሚመስል ሰውነት ወስዶ አጥንት ውስጥ ያስገባዋል። ልጅ ቤቱን ገና እየሠራ ነው፤ የቀረበለትን ድንጋይ ሁሉ ይገነባበታል። አዋቂ ግን ያለቀ ቤት ነው የሚጠግነው፤ ከአጥንቱ በዓመት ከመቶ 10 ያህሉን ብቻ ይቀይራል። በ1957 የወጣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ትንንሽ ልጆች አጥንት ውስጥ ከአዋቂው ከ3 እስከ 4 እጥፍ አግኝቷል።

አሁን ለእማማ የሚነገረው፦ ስትሮንቲየም 90 በየ29 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ከዚያ ወዲህ 60 ዓመት አልፏል። አንድም ሳይወጣ ቢቀር እንኳ ሩብ ያህሉ ነው የሚተርፈው። ደግሞ አጥንት ራሱን ያድሳል፤ በእድገት ጊዜ የገባው አብዛኛው ወጥቷል። ጥርስ ግን እንደ አጥንት አይታደስም። ሲሠራ የያዘውን ይዞ ይቀራል። ያኔ ሴንት ሉዊስ ውስጥ የልጆችን የወለቀ የወተት ጥርስ የሰበሰቡትም ለዚህ ነው፤ የእማማ ባጅም ከዚያ ነው። በ1963 የተወለዱት የሴንት ሉዊስ ልጆች ጥርስ ውስጥ የተገኘው ስትሮንቲየም 90 በ1950 ከተወለዱት ወደ 50 እጥፍ ነበር።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ሌላም ነገር አገኘሁ፤ እስካሁን ያመኛል። በ1950ዎቹ ፕሮጀክት ሰንሻይን በሚባል ሥራ የአሜሪካ መንግሥት ይህንኑ ስትሮንቲየም ለመለካት የሞቱ ሕፃናትን አጥንት ከብዙ አገር ያስመጣ ነበር። ብዙ ወላጆች አልተጠየቁም። ልጇን የቀበረች እናት ይህን ብትሰማ ምን ትል ነበር? የሴንት ሉዊሶቹ ዶክተር ሉዊዝ ሪስና ጓደኞቿ ግን ከ1958 መጨረሻ ጀምረው የልጆቻቸውን የወለቀ ጥርስ እንዲሰጡ ቤተሰቦችን ለመኑ። ሕፃኑ በገዛ እጁ ሰጠ። ወደ 320,000 ጥርስ ተሰበሰበ። በነሐሴ 1963 የኑክሌር ቦምብን አየር ላይ፣ ጠፈር ላይና ውኃ ውስጥ መሞከርን የሚከለክለው ስምምነት ሲፈረም የእነዚህ ልጆች ጥርስም ድርሻ ነበረው። ለእማማ ይህን ንገሪልኝ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ቡና አፍልቼ ቁጭ ብለን ሁሉንም ነገርኳቸው። ሩብ የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ትንሽ ቀለል አላቸው መሰለኝ። ከዚያ ስልኬ ላይ ስንፈልግ፣ በ2001 ወደ 85,000 የሚሆኑ ጥርሶች እዚሁ የዩኒቨርሲቲ መጋዘን ውስጥ መገኘታቸውን አየን። እያንዳንዱ ከነካርዱ! የሃርቫርድ ተመራማሪዎችም ባለቤቶቹን ሲፈልጉ ነበር። እማማ መነጽራቸውን አጠለቁና «ካርዱን የሞላችው እናቴ ናት፤ የእጅ ጽሑፏን ባየሁት» አሉኝ። ነገ አብረን ለተመራማሪዎቹ እንጽፍላቸዋለን።