ለጅምላ መሸጫ ኔትወርክ ስታር ይሻላል ወይስ ስዊችን ከስዊች መቀጠል?

አራዳ ጅምላ
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ላለ፣ ምድሩን ጨምሮ ባለ ሦስት ወለል የጅምላ መሸጫ ኔትወርክ ሊዘረጋ ነው። 22 ኮምፒውተር፣ 3 ፕሪንተርና 8 ካሜራ አለ፤ ሰርቨሩ ምድር ላይ ነው። ከጓሮ 70 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ መጋዘን አለን። አንዱ ባለሙያ በየወለሉ ተራ ስዊች (ገመዶቹ የሚሰኩበት ማገናኛ ሳጥን) አስቀምጦ አንዱን ካንዱ ሊቀጥል፣ የላይኛውን ደግሞ «መጠባበቂያ ይሆናል» ብሎ ወደ ምድሩ ስዊች ሊመልሰው ነው። ሌላው ሁሉም ከአንድ ማዕከል ይነሣ፣ ማለትም ስታር ይሁን ይላል፤ 33 ገመድ ምድር ድረስ መሳብ ግን ወጪው አይቀመስም። የቱ ያዋጣል?

ገመድ ዘርጊ
ያንን የሚመለስ ገመድ እባክዎ ያስቀሩት። ተራ ስዊች ቀለበት ውስጥ ሲገባ መጠባበቂያ የሚባል ነገር አያውቅም። አንድ ኮምፒውተር ለሁሉም የሚያሰማው ጥሪ፣ ብሮድካስት የሚባለው፣ ማብቂያ አጥቶ ቀለበቱን ይዞራል፤ እየተባዛ በሴኮንዶች ውስጥ መስመሩን ያጨናንቀዋል። ምልክቱን ይያዙ፦ የሁሉም ፖርት (የገመድ መሰኪያ) መብራት ባንድ ላይ ያለ ዕረፍት ይርገበገባል፣ ሰርቨሩ ይጠፋል፤ የቀለበቱን ገመድ ሲነቅሉት ወዲያው ይረጋል። ቀለበት የሚሆነው ስዊቾቹ ማኔጅድ (ቅንብራቸው የሚስተካከል) ሆነው አርኤስቲፒ (ቀለበቱን ለይቶ ትርፉን መስመር የሚዘጋው ሥርዓት) ሲበራባቸው ነው።

ስታር ይሁን፤ 33ቱንም ገመድ ምድር ማውረድ ግን አያስፈልግም። ምድር ላይ ባለ 24 ፖርት ጊጋቢት ስዊች፣ ከላይ ባሉት ሁለት ወለሎች ባለ 16 ፖርት፤ እያንዳንዱ በራሱ ገመድ ከማዕከሉ ይገናኝ። በሰንሰለት ከሆነ የመሃሉ ሲጠፋ የላይኛውም አብሮት ይጠፋል። ወደየወለሉ ሁለት ሁለት ገመድ ያስስቡ፤ አንዱ ይሰካ፣ ሁለተኛው «ትርፍ፣ አይሰካ» ተብሎ ተጽፎበት ይቀመጥ።

አራዳ ጅምላ
አመሰግናለሁ። ማዕከሉ ቢቃጠል ግን ሁሉም ሊቆም አይደል?

ፋይበር
ይቆማል፣ የስታር ድካሙ እሱ ነው። መድኃኒቱ ተመሳሳይ ስዊች ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ማኖር ነው፤ ገመዶቹ ቁጥር ካላቸው በደቂቃዎች ይቀየራል። ሁሉን ከሁሉ የሚያገናኘው ሜሽ ለ4 ስዊች 6 ገመድ፣ ለ6 ስዊች 15 ገመድ ይበላል፤ ለእርስዎ ቤት ከንቱ ወጪ ነው። ዩፒኤስ ግን ለሰርቨሩ ብቻ አይሁን፤ መብራት ሲጠፋ የየወለሉ ስዊች ከጠፋ ሰርቨሩ ብቻውን በርቶ ምን ይሠራል?

መጋዘኑን በተመለከተ፣ 70 ሜትር ከመዳብ ገመድ የ100 ሜትር ወሰን በታች ቢሆንም ካት 6 የተባለውን የመዳብ ገመድ አይዘርጉ። የጎንደር ክረምት መብረቅ አለበት፤ የሁለቱ ሕንፃዎች ኧርዝም (ወደ መሬት የሚወርደው መስመር) ቮልቴጁ እኩል ላይሆን ይችላል፣ ልዩነቱ በገመዱ አልፎ ፖርቱን ያቃጥላል። ብረት የሌለው ባለ 4 ኮር (የመስታወት ክር) ሲንግል ሞድ (ብርሃን በአንድ መንገድ ብቻ የሚያልፍበት) ፋይበር ይቅበሩ፤ ሁለቱ ኮር ትርፍ ይሆናሉ። በሁለቱም ጫፍ ያለው ሚዲያ ኮንቨርተር (ፋይበሩን ከመዳብ ገመድ ጋር የሚያገናኘው ሳጥን) ሲንግል ሞድ መሆኑን ያረጋግጡ። ባለ ሁለት ኮር ኮንቨርተር ተሰክቶ የሊንክ መብራቱ ካልበራ፣ በአንዱ ጫፍ ሁለቱን ኮሮች ያቀያይሯቸው፤ ላኪ ከላኪ ተገጣጥሞ ሊሆን ይችላል።

ገመድ ዘርጊ
አንድ ልጨምር። የኔትወርክ ገመዱን ዋጋ ሳይከፍሉ የውስጥ ሽቦውን ጫፍ በምላጭ ይፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ይመልሱት። ካሜራ ኃይሉን በዚህ ገመድ ከወሰደ፣ ቀን ደኅና ይሠራና ማታ ኢንፍራሬዱ (በጨለማ የሚያሳየው መብራት) ሲበራ ቮልቴጁ ወርዶ ይጠፋል። ሰውም ካሜራው ተበላሸ ብሎ ይቀይረዋል።