ፓክማን ኩርባ ላይ አልታጠፍ እያለኝ ተቸግሬያለሁ

ሰላም ወገኖች። በእጅ የሚያዝ የድሮ ጌሞች መጫወቻ ሳጥን ከኮምፔርሳቶ ሠርቼ፣ ጆይስቲክና ስምንት ቁልፎች ገጥሜ በዩኤስቢ ራስፕቤሪ ፓይ ከምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቻለሁ። ስትሪት ፋይተር 2 ላይ በጣም ደስ ይላል። ፓክማን ላይ ግን ወደ ላይ ስገፋው እጄ ትንሽ ወደ ቀኝ ካዘነበለ የላይና የቀኝ ማይክሮስዊቾች (ጆይስቲኩ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ማብሪያዎች) አብረው ቀጭ ይላሉ፤ ፓክማንም ሳይታጠፍ ኩርባውን ያልፈዋል። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲወጣ ጆይስቲኩ አራት አቅጣጫ ብቻ ነበረው፣ የእኔ ስምንት ነው። ከጆይስቲኩ ሥር ያለውን፣ እንቅስቃሴውን የሚገድበውን ባለአራት ማዕዘን ማገጃ 45 ዲግሪ ባዞረው ይስተካከላል፤ ግን ለስትሪት ፋይተር ሰያፉ የግድ ያስፈልገኛል፣ በየጊዜው ስምንት ብሎን መፍታትም አድካሚ ነው። ለፓክማን ብቻ በሶፍትዌር ሰያፉን ያጠፋ ሰው አለ? የትኛው ፋይል ላይ፣ ምን ብላችሁ ጻፋችሁ? ልጄ ቅዳሜ አብረን እንድንጫወት እየጠበቀኝ ነው።