ጨነቅ ላይ ዝናብ አግቶናል፤ እንቀጥል ወይስ እንመለስ?

የስሜን ተራሮችን የምታውቁ ወገኖቼ፣ ምክራችሁ በጣም ያስፈልገኛል። ከደባርቅ ተነስተን ጨነቅ ካምፕ ከደረስን ሁለተኛ ቀናችን ነው፤ አራት ነን። ሐሳባችን በቧሂት ተራራ ተሻግረን አምቢቆ መንደር አድረን ራስ ደጀንን መውጣት ነበር።

ትናንት ቧሂትን ሽቅብ ስንይዝ በረዶ ወረደብን። ጉሙ ከመወፈሩ የተነሳ አሥር እርምጃ ፊቴ የነበረው የስካውታችን (አብረውን ያሉት የፓርኩ ጠባቂ) ጋቢ እንኳ ጠፋኝ። እሳቸው "ልጆቼ፣ ከቧሂት ጋር ግብግብ አይገጠምም" ብለው መለሱን።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ግን ታናሽ ወንድሜ ነው። ከማታ ጀምሮ ራሱን ያመዋል፣ ምግብ አስጠልቶታል፣ ጠዋት ደግሞ አስመለሰው። ፓራሲታሞልም አላሻለውም። እሱ "ደህና ነኝ፣ እንሂድ" ይላል። እዚህ ራሱ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፣ ራስ ደጀን 4,550፤ ከፍታው ነው የጎዳው ብዬ እፈራለሁ፣ ይዤው ልወርድ ነው።

እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ በዚህ ጭቃ መኪና ያስኬዳል? እስክንወርድስ ምን ላድርግለት? ሁለቱ ጓደኞቼ መቀጠል ይፈልጋሉ፤ መሸሃ ወንዝ በነሐሴ ሙላት ያሻግራል ወይ? በቅርቡ ያለፋችሁበት እባካችሁ ንገሩኝ። ኔትወርክ የማገኘው ከካምፑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ወጥቼ አነባለሁ።