ሸዋ ሮቢት ላይ የትራክተር ሼድ ልሠራ ነው፤ ሙቀቱን ምን ላድርገው?

ጠያቂ (የሮቢት ገበሬ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። 10 በ15 ሜትር የሆነ ሼድ ልሠራ አስቤያለሁ። ትራክተርና አይሱዙ ይገቡበታል፣ ጥግ ላይ ማሾ በጆንያ ይቀመጣል። ከደብረ ብርሃን ያመጣሁት አናጺ ዙሪያውን በቆርቆሮ ግጥም አድርጎ ልዝጋልህ አለኝ። የጎረቤቴ ልክ እንደዚያ ነው፤ ከሰዓት ስትገባ ጣራው አናትህን ይጋግርሃል፣ የትራክተሩ መሪ በእጅ አይያዝም። ለኮርኒስ የሚሆን ብር የለኝም። እባካችሁ ምከሩኝ።

የጣርማበር ልጅ፦
አናጺውን አትቀየመው። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ ሮቢት ግን ግማሿን እንኳ አትሞላም። እሱ የለመደው ብርድ መከላከል ነው። ከጣርማበር ዋሻ ወዲህ ስንወርድ ጃኬታችንን እናወልቅ የለ? ሼዱም ያው ነው። ረጅሙን ግድግዳ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ አዙረው፣ አጭሩ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ይቀበል። የጣራውን ጠርዝ በሁለቱም ረጅም ጎን አስረዝመው፤ ሰኔ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን ደቡቡን ብቻ ማጥላት አይበቃም።

ጡረተኛው መካኒክ፦
ልጄ፣ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማቆሚያ ሃንጋር ውስጥ ሠርቻለሁ። ከዚያ የቀሰምኩት አንድ ነገር ነው፤ ሙቅ አየር ወደ ላይ ይሄዳል፣ መውጫ ካጣ ግን እዚያው ተከማችቶ ይወርድብሃል። ኮልሞው ላይ፣ ማለትም ሁለቱ የጣራ ክንፎች በሚገናኙበት አናት ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር ክፍተት ተውለት፣ ከላዩ ከፍ ብሎ ሰፋ ያለ ክዳን ይደረግበት። ግድግዳው ሥር ደግሞ ወንፊት ያለው መግቢያ ክፈት። ከታች ካልገባ ከላይ አይወጣም! ጣራው በተቻለህ መጠን ከፍ ይበል። ቆርቆሮውን ነጭ ግዛ፤ ያለህን እቀባለሁ ካልክ ለጋልቫናይዝድ (ዚንክ ለተለበጠ ቆርቆሮ) የሚሆን ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን፣ አስቀድም፣ ያለዚያ በአንድ ክረምት ይላጣል። ከጣራው ሥር ሣር አንጥፍ የሚሉህ ካሉ ደግሞ እሺ እንዳትል፣ ናፍጣ ያለበት ቤት ነው።

የሮቢት ገበሬ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ግን በኮልሞው ዝናብ አይገባም?

ጡረተኛው መካኒክ፦
ክዳኑ ክፍተቱን በሁለቱም በኩል አልፎ በደንብ ከወረደ ብዙ አይገባም። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ትንሽ ይረጭ ይሆናል፤ ጆንያውን መሃል ላይ አትደርድር።

ብየዳ ቤት፦
እኔ የምፈራው ነፋሱን ነው። ባለፈው የሠራሁት ሼድ በሩ ተከፍቶ ቀርቶ፣ ነፋስ ገብቶ መውጫ ሲያጣ ጣራውን ቆርቆሮው ከተመታበት ሞራሌ ጋር አነሳው። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ካፕሪያታውን (ጣራውን የሚሸከመውን ባለ ሦስት ማዕዘን እንጨት) ከምሰሶው ጋር በሚስማር ብቻ ነበር ያያያዝኩት። አንተ በብሎን አሳስር። በሩንም ነፋስ ከሚመጣበት ፊት አታድርገው።

የማሾ ነጋዴዋ፦
ወንድሜ፣ ማሾውን ከትራክተር ጋር አታሳድረው። ሙቀት ነቀዝን ያራባል፣ የናፍጣ ሽታም ከገባበት ገዢ አይወስድልህም። በብሎኬት ትንሽ ክፍል ለይተህ ጆንያውን ከወለሉ በእንጨት አንሳው፣ ከግድግዳውም አርቀው። እኔ ባለሦስት ሽፋን አየር የማያስገባ ከረጢት ነው የምጠቀመው፤ በደንብ ደርቆ አፉ ከታሰረ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል።

የሮቢት ገበሬ፦
ችግሩ መንገዱ በምዕራብ በኩል ነው፣ በሩም የግድ ወደዚያው ነው፤ የማታዋ ፀሐይ ቀጥታ ልትገባ ነው።

የጣርማበር ልጅ፦
እንግዲያው ከበሩ ፊት 3 ሜትር ያህል ዳስ አውጣለት። ከመኪናው መዞሪያ ወዲያ ደግሞ ኒም ትከል፣ እናንተ ጋ ይበቅላል። እስኪያድግ ድረስ ትራክተሩን ከበሩ አርቀህ ወደ ውስጥ አስጠግተህ አቁመው፣ ቢያንስ መሪው ያን ያህል አይግልም 😄

የሮቢት ገበሬ፦
ነገ አናጺውን ደውዬ ኮልሞውን እንዲከፍት እነግረዋለሁ። አበደ እንደሚለኝ አልጠራጠርም።