የወንድሜ እግር ቁስል ጥቁር ፍሬ ያወጣል፤ የምታውቁ ንገሩኝ

የደባርቋ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ታላቅ ወንድሜ በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ይወርድ ነበር። ከዓመታት በፊት ቀኝ እግሩን የግራር እሾህ ወጋው፤ ነቅሎ ጣለውና ሥራውን ቀጠለ። ቆይቶ ውስጥ እግሩ ላይ ጠጠር ያለ እብጠት ወጣ። ስለማያመው ዝም አለው። አሁን እብጠቱ እግሩን ሞልቶታል፣ ሦስት አራት ቦታም ተበስቷል፤ ሲጫኑት ከመግሉ ጋር የስናፍጭ ፍሬ የሚያህል ጥቁር ነገር ይወጣል። አንድ ክሊኒክ ደጋግሞ አንቲባዮቲክ ሰጠው፤ ለውጥ የለም። ሌላ ቦታ ደግሞ «እግሩ መቆረጥ አለበት» ብለው አስደነገጡን። የልጆች አባት ነው፣ የሚያድረውም በጉልበቱ ነው። ምንድን ነው ይህ? መድኃኒት አለው?

አበበ ወ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኛ ሰፈርም እግሩ ያበጠ ሰው አለ፤ ዝሆኔ ነው አሉት። በየቀኑ እየታጠበ ጫማ ማድረግ ከጀመረ ወዲህ ቀለል ብሎታል።

ማይክሮስኮፕ፦
የደባርቋ፣ እባክሽ ዝሆኔ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። የደጋው ዝሆኔ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚውለውን ሰው ነው የሚይዘው፤ ከጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ያብጣል፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም እግር ይይዛል። ፍሬ ግን አያወጣም። የማያም እብጠት፣ ቀዳዳና ፍሬ አንድ ላይ ሲገኙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማይሴቶማ ነው።

ቆዳ ክፍል ውስጥ የምሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ማይሴቶማን ባክቴሪያም ፈንገስም ያመጣዋል። ቀይ ወይም ቢጫ ፍሬ ሳይ ባክቴሪያን እጠረጥራለሁ፤ ጥቁር ከሆነ ግን ሐሳቤ ወደ ፈንገስ ይሄዳል፣ በተለይ ማዱሬላ ማይሴቶማቲስ ወደሚባለው። ሱዳን ውስጥ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው፤ መተማ ደግሞ ድንበሩ ላይ ናት። ጥቁሩን ፍሬ መስታወት ላይ አድርጌ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ሥጋውን የሚያሟሟ ፈሳሽ ጠብ አደርግበትና እጨፈልቀዋለሁ። ቶሎ አይደቅም። ሲደቅ ቡናማ በሆነ ጠንካራ ነገር ውስጥ የተጠላለፉ ወፍራም የፈንገስ ክሮች ይታዩኛል። ጥቁረቱ የሜላኒን ነው፣ ቆዳችንንና ጸጉራችንን የሚያጠቁረው ቀለም ዘመድ። ፈንገሱን ከሰውነት መከላከያም ከመድኃኒትም ይጋርደዋል። አንቲባዮቲክ ደግሞ ፈንገስን አይነካም፤ ወንድምሽ ያልተሻለው ለዚህ ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ በፍሬው ቀለም ብቻ ሕክምና አይጀመርም። በራሱ የወጣው ፍሬ ብዙ ጊዜ የሞተ ወይም በሌላ ጀርም የተበከለ ስለሆነ፣ ከጥልቁ ሥጋ ናሙና መወሰድ አለበት። አጥንቱ መነካት አለመነካቱም በራጅ ይታያል። ለእናንተ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆዳ ክፍል ይቀርባል፤ አዲስ አበባ ዘመድ ካላችሁ አለርት ሆስፒታል አለ።

ፈንገስ መሆኑ ከተረጋገጠ የተለመደው መድኃኒት ኢትራኮናዞል ነው። ወራት ይወሰዳል፣ እብጠቱ ሰብሰብ ሲል ቀዶ ጥገና ይደረጋል፣ ከዚያም መድኃኒቱ ይቀጥላል፤ ብዙ ጊዜ ዓመት ይሞላል ወይም ያልፋል። ካፕሱሉ ከምግብ ጋር ካልተዋጠ በደንብ አይሠራም፣ የጨጓራ ማስታገሻም ያዳክመዋል። ጾም ላይ ከሆነ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር፤ በባዶ ሆድ እንዳይውጠው። ጉበቱም በየጊዜው ይመርመር። ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ አደንዝዘው እብጠቱን ብቻ ቆርጠው እንዲያወጡለት በፍጹም እንዳትፈቅዱ፤ የቀረው ሥር ተመልሶ ይመጣል። እግር መቁረጥ የሚታሰበው ሌላው ሁሉ ሳይሳካ ሲቀር ነው፤ ናሙና እንኳ ሳይወሰድ እግር ይቆረጥ ማለት ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ስለዚህ በሽታ ብዙ ያስተማረን ካርቱም የሚገኘው የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በነጻ አክሟል። ፎስራቩኮናዞል የሚባለው አዲሱ መድኃኒት የተሞከረውም እዚያ ነው። ኢትራኮናዞልን በልጦ ባይገኝም፣ በቀን ሁለት ጊዜ መዋጡ ቀርቶ በሳምንት አንድ ጊዜ መሆኑ ለገበሬ ትልቅ እፎይታ ነው። ማዕከሉ በ2023 በተነሳው ጦርነት ወደመ። ሳስበው አንጀቴ ያርራል።

የደባርቋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ወደ ልጆቹ ይተላለፋል? የጋሪ ፈረሳችንም እግሩ ላይ ቁስል አለው፤ ከእሱ ይሆን የያዘው?

ማይክሮስኮፕ፦
ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አብረውት ይብሉ፣ አብረውት ይተኙ። ፈንገሱ የሚገባው ከአፈርና ከእሾህ በቁስል በኩል ነው። ልጆቹ ግን ማሳ ሲወርዱ ጫማ ያድርጉ። የፈረሱን ነገር ለእንስሳት ሐኪም ልተወው።

የእንስሳት ሐኪሙ፦
ከፈረሱ አይመስለኝም። ጥቁር ፈንገስ ውሻንም ድመትንም ፈረስንም አልፎ አልፎ ይይዛል፤ የሚመጣው ግን ለእነሱም ከአፈርና ከእሾህ ነው። የጋሪ ፈረስ እግር ላይ በሰንሰለት ተያይዘው እየፈረጡ የሚወጡ እባጮች ካያችሁ፣ አገራችን ውስጥ በጣም የተስፋፋ ሌላ የፈንገስ በሽታ አለ። የዚያኛው ፈንገስ ሂስቶፕላስማ ነው፣ ጥቁር አይደለም፤ ከፈረስ ወደ ፈረስ ግን በቁስልና በዝንብ ይተላለፋል። ከሌሎቹ ለይታችሁ እሰሩት፣ የጋሪውን ዕቃም አታጋሩት፤ ወረዳችሁ እንስሳት ክሊኒክም ይታይ። እባጮቹ መስመር ሠርተው ከሆነ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊልኝ።