ከውሻችን ጋር የምናድርበት ግቢ ጠቁሙን

ወገኖች፣ እባካችሁ ተባበሩን። እኔና ባለቤቴ ወንበሩን አውጥተን ፍራሽ ባስገባንበት አባዱላ፣ ውሻችንን ቡቺን ይዘን ወደ ሐዋሳ ልንወጣ ነበር። መኪናው ግን አራት ኪሎ ላይ ውሃ ማፍላት ጀመረ። ራዲያተሩ ያፈሳል። መካኒኩ የሚመጣው ነገ ነው።

የጠየቅናቸው ፔንሲዮኖች ሁሉ «ውሻ አይገባም» አሉን። ቡቺን መኪና ውስጥ ብቻውን ዘግተን መተኛት አንችልም። አርጅቷል፤ ብቻውን ሲሆን እስኪነጋ ያለቅሳል።

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባለው አካባቢ፣ ዘበኛ ያለውና መኪናችን ውስጥ የምናድርበት ግቢ የሚያውቅ አለ? ሞተሩ ሲበርድ ቀስ ብለን እናደርሰዋለን። ሽንት ቤት ካለው ይበቃናል፤ ሂሳቡን እንከፍላለን። ቡቺ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ዘንድሮ ወስዷል፤ ካርዱን እናሳያለን።

ሹፌሮች ደግሞ ይህችን ንገሩን፦ ሐዋሳ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሞጆ ወዲያ ስምጥ ሸለቆው ይሞቃል። ራዲያተሩን ብናስበይደው ያደርሰናል ወይስ ይቀየር?